ዘይት፣ ሞላና ኩርባ፦ ከስቶክሆልም ሰሜን የወጣው ሾክ

በስቶክሆልም ዙሪያ ባሉ ጫካዎች ኖቬምበርኮሳን የሚባል ጥንታዊ የሞተር ሳይክል ውድድር አለ። ከ1915 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሞተረኞች በኅዳር ጨለማ፣ በጭቃና በውርጭ መካከል፣ በዛፍ ሥርና በድንጋይ ላይ እየተንገጫገጩ ሲፎካከሩበት ኖረዋል። ስዊድናዊ ሞተረኛ የተማረው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። ጣሊያኖችና እንግሊዞች በአስፋልት ላይ የሚበር ሞተር ለመሥራት ሲሽቀዳደሙ፣ ስዊድናውያን የሚታገሉት ጎማው መሬት እየለቀቀ ከሚያስቸግራቸው መንገድ ጋር ነበር። በኋላ ከስቶክሆልም በስተሰሜን ከምትገኝ ትንሽ ከተማ የዓለም ሻምፒዮኖች ሁሉ የሚፈልጉት ዕቃ ሲወጣ፣ ነገሩ ከዚህ መሬት የተነሣ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የዚያ ዘመን ሞተር ሳይክል ለእንዲህ ያለ መንገድ የተዘጋጀ አልነበረም። የኋላው ጎማ ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም ሞላ ከአካሉ ጋር የታሰረ ነበር፤ ለነጂው ወገብ የሚራራለት ከመቀመጫው ሥር ያለው ሞላ ብቻ ነው። ከፊት ያለው ሞላም ቢሆን በደንብ የሚገታው አልነበረም። ሞላ የተጫነውን ጉልበት ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋውም፤ ጉድጓድ ላይ የተጨመቀ ሞላ ያንኑ ጉልበት መልሶ ጎማውን ያነጥረዋል። የነጠረ ጎማ አየር ላይ ነው፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይይዝም። ቢኤምደብሊው በ1935 አር12 እና አር17 በተባሉት ሞተር ሳይክሎቹ ላይ በዘይት የሚገታ የፊት ሾክ ይዞ ሲመጣ የፈታው ችግር ይህ ነው። የሞላው ንጥረት በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ በሚያልፍ ዘይት ይዋጣል፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ያለው የሾክ ታሪክ ዘይቱ በየትኛው ቀዳዳ፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ መቼ ይለፍ በሚለው ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞቶክሮስ፣ ማለትም በኮረብታና በጭቃ ሜዳ ላይ የሚካሄደው ውድድር፣ በአውሮፓ ተስፋፋ። በ1957 የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ስዊድናዊው ቢል ኒልሶን ነው። በ1959 እና በ1961 ስቴን ሉንዲን፣ በ1962 እና በ1963 ሮልፍ ቲብሊን ደገሙት። ቶርስተን ሃልማን በ250 ሲሲ አራት ጊዜ አሸነፈ፤ ቤንግት ኦበርግ በ1969 እና በ1970 በ500 ሲሲ ነገሠ። ብዙዎቹ የነዱት በቬተርን ሐይቅ ዳርቻ የሚሠራውን ሁስክቫርና ነበር። ሕዝቧ ከአሥር ሚሊዮን በታች የነበረ አገር ይህን ሁሉ ዋንጫ ስትሰበስብ በየመንደሩ ጋራዥ ሞተር የሚፈታና የሚገጥም ወጣት መብዛቱ አያስገርምም።

ትልቁ ለውጥ ግን ከቤልጂየም መጣ። ሉሲየን ቲልከንስ የተባለ መሐንዲስ ሁለቱን የኋላ ሾኮች አንሥቶ በምትካቸው አንድ ረጅም ሾክ ከመቀመጫው ሥር አጋደመ። ሐሳቡን ያማሃ ገዛው። በ1973 ይህ ሾክ በተገጠመለት ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውም ሌላ ስዊድናዊ፣ ሆካን አንደርሶን ነው። የኋላው ጎማ ከወትሮው እጅግ ርቆ መውጣትና መውረድ ቻለ። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ የነበረው የጎማ እንቅስቃሴ በመጨረሻው ወደ 300 ሚሊ ሜትር ተጠጋ።

እዚህ ላይ ሾኮቹ ራሳቸው እጅ መስጠት ጀመሩ። እንቅስቃሴው ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘይቱ የሚውጠው ጉልበትም በዚያው ልክ ያድጋል። ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል። አረፋ በቀዳዳው ውስጥ ያለ ተቃውሞ ስለሚያልፍ፣ በውድድሩ መጀመሪያ ደህና የነበረው ሾክ መጨረሻው ላይ ባዶ ሞላ ሆኖ ያርፋል። ነጂው ያንኑ ኩርባ በመጀመሪያው ዙር እንደገባበት ፍጥነት ሲገባ የኋላው ጎማ ይነጥርና ከመስመሩ ያወጣዋል።

ኬንት ኦሊን በዚህ ዘመን በሞቶክሮስ የሚወዳደር ወጣት ነበር። የሌሎች ተወዳዳሪዎችን ሞተር ሳይክሎች እየሠራና እያሻሻለም ይኖር ነበር። ብዙዎች ጉልበት ያለው ሞተር ሲፈልጉ እርሱ ያስተዋለው ሌላ ነገር ነው፤ ጉልበቱ መሬት ላይ እንዲደርስ የሚያደርገው ሾኩ ነው። በ1976 ከስቶክሆልም ወደ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኡፕላንድስ ቬስቢ ኦሊንስ ሬሲንግ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ።

ውጤቱ ለመታየት ሁለት ዓመት ብቻ ፈጀ። በ1978 ጌናዲ ሞይሴቭ የተባለ የሶቪየት ኅብረት ተወዳዳሪ በኦስትሪያዊው ኬቲኤም ላይ ሆኖ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የተቀመጠው በኦሊንስ ሾክ ላይ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የምሥራቁ ሰው፣ የኦስትሪያ ሞተርና የስዊድን ሾክ አንድ ዋንጫ አነሡ። በ1983 የስቶክሆልም አካባቢ ልጅ የሆነው ሆካን ካርልክቪስት በያማሃ ላይ የ500 ሲሲውን ዋንጫ ወሰደ። ይህ ካርልክቪስት በ1988 በቤልጂየሟ ናሙር ከሁሉም ርቆ እየመራ ሳለ በመጨረሻው ዙር ቆሞ ቢራ ጠጥቶ፣ ተነሥቶ ሄዶ ያሸነፈ ሰው ነው። የሞቶክሮስ ወዳጆች እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ እንዲያ የተማመነ ሰው ሞተሩ ከሥሩ ምን እንደሚያደርግ ማወቁን እኔም አልጠራጠርም።

1987 ለስዊድን ሞተር ሳይክል መራራም ጣፋጭም ዓመት ሆነ። የሁስክቫርና የሞተር ሳይክል ክፍል ለጣሊያኑ ካጂቫ ተሸጦ ሥራው ከአገር ወጣ። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ያማሃ በኦሊንስ ውስጥ ባለድርሻ ሆኖ ገባ። አገሪቱ ትልቁን የሞተር ሳይክል ፋብሪካዋን አጣች፤ የጃፓን ግዙፍ ፋብሪካ ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ አንዲት ትንሽ የስዊድን ከተማ መጣ። ይህን ሳስብ የአንድ ሙያ ጥልቀት ከስፋቱ ይልቅ ዕድሜ እንደሚሰጠው ይሰማኛል። ሁስክቫርና ሙሉ ሞተር ሳይክል ይሠራ ነበር፤ ኦሊንስ ግን ከሞተር ሳይክሉ አንዱን ክፍል ብቻ ይዞ ማንም ያልደረሰበት ድረስ ቆፈረ።

ከያማሃ ጋር የተሳሰረው ኦሊንስ ትኩረቱን ከጭቃ ወደ አስፋልት አሰፋ፤ እዚህ ላይ የኩርባ ጉዳይ ሌላ መልክ ይይዛል። በሞቶክሮስ ሾኩ የሚታገለው ከጉድጓድና ከዝላይ ጋር ነው። በአስፋልት ላይ ግን መንገዱ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ነጂው ራሱ ሾኩን ያስጨንቀዋል። ኩርባው ሲቃረብ የፊት ፍሬኑን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይዞራል፤ የፊት ሾክ ይጨመቃል፣ የኋላው ይነሣል። በዚህ ጊዜ የፊት ሾኩ ቱቦዎች ይበልጥ ቀጥ ስለሚሉ ሞተሩ ለመታጠፍ ፈቃደኛ ይሆናል። ይህ የሚፈለግ ነገር ነው። ነገር ግን የፊቱ ከመጠን በላይ ከወደቀ ሾኩ የሚውጠው ቦታ አይቀረውም፣ የፊት ጎማ ብቻውን ሸክሙን ይሸከማል፣ የኋላውም መሬት ይለቃል። በጣም ከጠነከረ ደግሞ አይወድቅም፤ ያልወደቀ የፊት ክፍል መታጠፍ እምቢ ይላል፣ ነጂውም ከኩርባው ወደ ውጭ ይገፋል።

ፍሬኑ ተለቆ ሞተሩ ሲጋደም ሸክሙ አይቀንስም። በ45 ዲግሪ የተጋደመ ሞተር ሳይክል ሾኩን የሚጫነው ቀጥ ብሎ ከቆመበት ክብደት 1.4 እጥፍ ገደማ ነው፤ እንደ ሞቶ ጂፒ (ዋናው የአስፋልት የዓለም ሻምፒዮና) ተወዳዳሪዎች ከ60 ዲግሪ በላይ የተጋደመ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። በዚያ ላይ የመንገዱ እብጠት ጎማውን የሚመታው ከታች ወደ ላይ ሲሆን ሾኩ ግን በግድም ተጋድሞ ስላለ ከምቱ በከፊል ብቻ ይውጣል፤ የቀረውን የሞተሩ አካልና ጎማው ራሱ በመለጠጥ መሸከም አለባቸው። ከዚያ የመውጫው ጊዜ ይመጣል። ነጂው ጋዝ ሲሰጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የፊቱ ይቀላል። የኋላው ከመጠን በላይ ከተቀመጠ የፊቱ ጎማ መምራት ያቅተዋልና ሞተሩ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይሰፋል።

ይህን ሁሉ የሚያስተካክሉት ጥቂት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሞላው ቅድመ ጫና ነው። ብዙ ሰው ሞላውን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል ብሎ ያምናል፤ አያጠነክረውም፤ የሚለውጠው ሞተሩ የሚቆምበትን ከፍታ ነው። በአስፋልት ለሚነዳ ሞተር ሳይክል ነጂው ሲቀመጥበት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ የተለመደ ነው፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሁለተኛው የመመለሻው ግትርነት፣ ማለትም ዘይቱ የሚመለሰውን ሞላ የሚገታበት መጠን ነው። ሞላው ቶሎ ከተመለሰ ሞተሩ ኩርባ ላይ ይንሳፈፋል። በጣም ዘግይቶ ከተመለሰ ደግሞ ተከታታይ እብጠቶች ላይ ሾኩ ሳይዘረጋ እንደገና እየተጨመቀ ቀስ በቀስ ይሰምጥና ደረቅ ይሆናል። ነጂው ሾኩ ጠነከረ ብሎ ሲያማርር እውነተኛው ምክንያት መመለሻው መዘግየቱ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሦስተኛው የመጨመቂያው ግትርነት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የፊቱ በምን ፍጥነት እንደሚወድቅ የሚወስነው እርሱ ነው።

በእኛ አገር ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ሰውና ጆንያ ጭኖ የሚወርድ የቦክሰር ሞተር ሳይክል ነጂ ይህን ሁሉ በአካሉ ያውቀዋል። ጭነቱ የኋላውን ሞላ አስቀምጦ የፊቱን ሲያቀልለው መሪው ይላላል፣ ኩርባው ላይ ሞተሩ ወደ ገደሉ ይጎተታል። ከኋላ ሾኮቹ ግርጌ ያለውን ባለ ደረጃ ቀለበት አንድ ሁለት እርከን ከፍ ማድረግ የሞተሩን ቁመና ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ዋጋውና ጥራቱ ይለያያል እንጂ ቀለበቱ የሚሠራው ሥራ በውድድር ሜዳ ከሚሠራው አንድ ነው። ሁሉም ነጂ ይህን ቢያውቅ ብዙ ጉዳት ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የኦሊንስ ሾክ ላይ ማስተካከያዎቹ የሚቆጠሩት በጠቅታ ነው። ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ከተዘጋ በኋላ ወደ ኋላ ሲዞር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ እያንዳንዱ ጠቅታ ዘይቱ የሚያልፍበትን መንገድ በጥቂቱ ያሰፋዋል። ሥርዓቱ ቀላልና ጥብቅ ነው፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ላይ ንዳ፣ ያየኸውን ጻፍ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሂድ። በውድድር ሜዳ የኩባንያው ባለሙያዎች ከመካኒኮቹ ጋር ቆመው ነጂው ከሞተሩ ሲወርድ የሚናገረውን ያዳምጣሉ። “መግቢያው ላይ የፊቱ ይገፋኛል” የሚል ዐረፍተ ነገር ወደ ጠቅታ፣ ወደ ሞላ ቁጥርና በፒስተኑ ላይ ወደሚደረደሩት ስስ የብረት ቀለበቶች ይለወጣል። ለእኔ የዚህ ኩባንያ ትልቁ ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ጥበቡ በአስፋልት ላይ በሚካሄደው የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ፍሬ አፈራ። አሜሪካዊው ዌይን ሬይኒ ከ1990 እስከ 1992 በተከታታይ ሦስት ዓመት በያማሃ ሻምፒዮን ሆነ፤ የተጠቀመው ኦሊንስን ነበር። ከዚያ የጣሊያኑ ዱካቲ መጣ። በ1994 የወጣው ዱካቲ 916 ኤስፒ ከኋላው ባለ ወርቃማ ቀለሙን የስዊድን ሾክ ይዞ ለገበያ ቀረበ፤ በዚህ የሞተር ዘር ካርል ፎጋርቲ አራት የሱፐርባይክ የዓለም ዋንጫዎችን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ያ ወርቃማ ቀለም ከውድድር ሜዳ ውጭም የከበሬታ ምልክት ሆነ። ገዢው ሞተሩን ከቤቱ አጥር ውጭ ባያወጣውም እንኳ ሾኩን ለእንግዳ ያሳያል።

ሚያዝያ 2004 ላይ የዓለም ዓይን ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። የሞቶ ጂፒ ሻምፒዮኑ ቫለንቲኖ ሮሲ አሸናፊውን ሆንዳ ትቶ፣ ባለፈው ዓመት እንኳ ውድድር ማሸነፍ ያቃተውን ያማሃ ይዞ ቬልኮም ላይ ቀረበ። ዋና መካኒኩ ጄረሚ በርጀስም አብሮት ተሻግሯል። ሮሲ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ውድድር አሸነፈ፤ ዓመቱንም በሻምፒዮንነት ዘጋ። ድሉን ሾኩ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ያማሃ በዚያ ዓመት የሞተሩን የፍንዳታ ቅደም ተከተል ለውጦ ጉልበቱን ለጎማው ይበልጥ ታዛዥ አድርጎት ነበር። ይሁንና ሮሲ በሆንዳ ሳለ የሚያውቀው የጃፓኑን ሸዋ ሾክ ነው። ወደ ኦሊንስ ሲዞር ከባለሙያዎቹ ጋር አዲስ መግባባት መፍጠር ነበረበት፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈጠረው።

በ2007 ኬንት ኦሊን ከኩባንያው 95 በመቶውን ድርሻ ከያማሃ መልሶ ገዛ። በዚያው ዓመት ኬሲ ስቶነር በዱካቲ የሞቶ ጂፒ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሾኩ ኦሊንስ ነው። በ2010 ለረጅም ዘመን ከሸዋ ያልተለየው የሆንዳ ዋና ቡድን እንኳ ወደ ኦሊንስ ዞረ፤ በቀጣዩ ዓመት ስቶነር በዚያ ሞተር ላይ ዋንጫውን ወሰደ። ትልልቆቹ ተፎካካሪዎች ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱበት ዘመን መጣ።

ያ ዘመን የሾክን ወሰንም አሳየ። በ2011 ሮሲ ወደ ዱካቲ ተሻገረ። ነጂው ያው ሮሲ፣ መካኒኩ ያው በርጀስ፣ ሾኩም ያው ኦሊንስ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንድም ውድድር አላሸነፈም። የዱካቲው አካል ከካርቦን የተሠራና እጅግ ደረቅ ስለነበር፣ ሞተሩ ሲጋደም ሾኩ የማይውጠውን ምት በመለጠጥ ሊቀበለው አልቻለም፤ ነጂው የፊት ጎማው ምን እንደሚል መስማት አቃተው። በ2012 በአሉሚኒየም አካል ቢተካም ድሉ አልመጣም። ከስቶነር በኋላ የዱካቲ ነጂ እንደገና ሻምፒዮን የሆነው በ2022 ነው፤ እርሱም ፍራንቸስኮ ባኛያ ነው። ሾኩ ሁሉንም ይፈታል ብሎ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ ሾኩ የአካሉን፣ የጎማውንና የነጂውን ሥራ ያገናኛል እንጂ አይተካቸውም።

በዚህ መካከል ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ኦሊንስ የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ቫልቭ አዳብሮ በ2003 በቮልቮ ኤስ60 አር እና ቪ70 አር መኪኖች ላይ አሳየ። በ2010 ዱካቲ ሙልቲስትራዳ 1200 ኤስ ነጂው በአዝራር የሾኩን ግትርነት የሚለውጥበትን ሥርዓት ከኦሊንስ ወሰደ። በ2015 የወጣው ያማሃ አር1ኤም ደግሞ የሞተሩን መጋደልና ፍሬን እየለካ እየተነዳ ሾኩን በራሱ ያስተካክላል። በሞቶ ጂፒ ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚስተካከል ሾክ ተከልክሏል። ስለዚህ ተራ ደንበኛ የሚገዛው ሞተር ሾኩን በኮምፒዩተር ሲያስተካክል፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ሾክ እስከ ዛሬ በመካኒክ እጅ፣ በጠቅታ ይስተካከላል። ይህ ክልከላ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የነጂውን ቃል የማዳመጥ ሙያ እንዳይጠፋ ጠብቆታል።

በ2018 መጨረሻ የአሜሪካው ቴኔኮ ኦሊንስን ለመግዛት ተስማማ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በጣሊያን በቤርጋሞ አካባቢ የሚገኘው የፍሬን አምራች ብሬምቦ በ405 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የውድድር ሞተር ሳይክሎች ፍሬናቸው ከብሬምቦ፣ ሾካቸው ከኦሊንስ መሆኑ ቀድሞም የተለመደ ነበር፤ አሁን ፊቱን የሚያስወድቀው ፍሬንና የሚሸከመው ሾክ በአንድ ባለቤት ሥር ናቸው። የኦሊንስ ዋና መሥሪያ ቤት ግን አሁንም በኡፕላንድስ ቬስቢ ነው።

የሚቀጥለው ፈተና ቀኑ ተቆርጧል። ባለፉት ዓመታት በዱካቲ ፈር ቀዳጅነት የሞቶ ጂፒ ቡድኖች ከኩርባ ሲወጡ የሞተሩን የኋላ ክፍል ዝቅ አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ሲጠቀሙ ቆይተዋል፤ የፊቱ ጎማ እንዳይነሣ ስለሚያደርግ ጋዝ ቀድሞ ለመስጠት ያስችላል። ከ2027 ጀምሮ ይህ መሣሪያ ተከልክሏል፣ ሞተሩ ከ1000 ወደ 850 ሲሲ ይወርዳል፣ ጎማውም ወደ ፒሬሊ ይዞራል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሲለወጡ ከዚያ በፊት በየሜዳው የተጻፈው የጠቅታ ማስታወሻ ብዙም አያገለግልም፤ ከኩርባ ሲወጣ የኋላው ምን ያህል ይቀመጥ የሚለውን ከዚያ በኋላ የሚወስነው ሞላውና ዘይቱ ብቻ ነው።